እርጥብ ድንኳን

(ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ እድር እቃ ቤት ደጃፍ፤ ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ አሰገደች ከትናንት ለቅሶ የተመለሰውን እርጥብ ድንኳን ለማጠፍ ስትታገል፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ወንድይፍራው ለሚስቱ ማሳከሚያ የገንዘብ መጠየቂያ ወረቀት ዘርግቶ ፊቷ ቆሟል።)

ወንድይፍራው፦ ሁለቱ ፈርመዋል እኮ እትዬ አሰገደች። የቀረው ያንቺ ብቻ ነው።

አሰገደች፦ ወረቀቱን ኪስህ ክተትና ያንን ጫፍ ያዝልኝ። ድንኳን ለብቻ አይታጠፍም።

ወንድይፍራው፦ የእልፍነሽ የኩላሊት እጥበት ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሳይከፈል አይጀምሩላትም።

አሰገደች፦ ሰምቻለሁ። ወደ አንተ ሳብ አድርገው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ውሎ ነው የመጣው።

ወንድይፍራው፦ እርጥብ ሸራ ይታጠፋል እንዴ? ይሻግታል።

አሰገደች፦ ደጅ አስጥቼው ማን ይጠብቅልኛል? ባለፈው ገመዱን ፈትተው ወስደውታል። ደግሞ ለጊዜው የሚፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፀሐይ ሲወጣ ሲወጣ ቀስ ብዬ አደርቀዋለሁ።

ወንድይፍራው፦ ሚስቴ ልትሞት ነው፣ አንቺ ስለ ሸራ ታወሪኛለሽ።

አሰገደች፦ በእድር ቤት ስለ ሸራ ካልተወራ ስለ ምን ይወራል? ሰው ሲሞት ሸራ እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን። ከሞቱ አሟሟቱ ብለን። ሳይሞት በፊት ምን ሰጥተነው እናውቃለን?

ወንድይፍራው፦ ለዚህ አይደል አምና የሕመም ሣጥን ብለን ያቋቋምነው? ስብሰባውን ጡሩምባ ነፍቼ የጠራሁት እኔው ነኝ።

አሰገደች፦ እሱን አልረሳሁም። ማን ማን ፈረመ አልከኝ?

ወንድይፍራው፦ የእድሩ ዳኛ ሙላት ፈረመ። ገና ነገሩን ሳልጨርስለት እንባው ቀደመው።

አሰገደች፦ ሙላት ድሮም እንባው ቅርብ ነው፤ ፊርማውም እንደዚያው። ጸሐፊውስ?

ወንድይፍራው፦ "እትዬ አሰገደች ከፈረመች እኔ ምን ከፋኝ" አለና ፈረመ።

አሰገደች፦ ጎበዞች። ሁለቱም አዝነው ፈረሙና እምቢታውን ለእኔ አስቀመጡልኝ። ያቺን ጥግ ከፍ አድርጋት፣ ጭቃ ትነካለች።

ወንድይፍራው፦ እምቢ ልትዪኝ ነው?

አሰገደች፦ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለምን እንደተቀመጠ ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ።

ወንድይፍራው፦ አውቃለሁ። ለሠላሳ አንዱ የድሃ ቤት የጤና መድን ማሳደሻ ነው።

አሰገደች፦ እድሳቱ መቼ ይዘጋል?

ወንድይፍራው፦ ዓርብ።

አሰገደች፦ ዛሬስ ምንድን ነው?

ወንድይፍራው፦ ሮብ ነው። ትፈትኚኛለሽ እንዴ? ለእነሱ ሌላ ይፈለግላቸዋል።

አሰገደች፦ ከየት?

ወንድይፍራው፦ እግዜር ያውቃል።

አሰገደች፦ እግዜር ለእነሱ የሚያውቀውን ለእልፍነሽ አያውቅላትም? ለምን አንተ ከሣጥኑ፣ እነሱ ከሰማይ?

ወንድይፍራው፦ እነሱ ገና አልታመሙማ። በጤናቸው እየወጡ እየገቡ ነው። የእኔዋ ተኝታለች፤ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ካላት ከረመ። መድን አለኝ ብዬ ብሄድ ለእጥበት አይሆንም ብለው መለሱኝ። ላሚቱን ሸጫለሁ፣ የብረት አልጋውም ሄዷል። የታመመ ሰው ፊትሽ እያለ፣ ወደፊት ይታመም ይሆናል ለሚባል ሰው ይከፈላል? ይሄ ፍርድ ነው?

አሰገደች፦ ከሠላሳ አንዱ ቤት ማን እንደሚታመም እኔ አላውቅም። አንተ ግን ከእኔ ትሻላለህ። ሣጥኑ ሳይቋቋም፣ ካቻምና ክረምት ስንት ቤት ለቅሶ ጠራህ?

ወንድይፍራው፦ አሥራ አንድ።

አሰገደች፦ ከእነሱ ውስጥ "ካርድ የለንም፣ እስቲ እስከ ነገ እንየው" ሲሉ ሲሉ ያለቁት ስንት ናቸው?

ወንድይፍራው፦ እሱን ተይው።

አሰገደች፦ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ለምን እተወዋለሁ?

ወንድይፍራው፦ አራት ናቸው። ያቺን አራስ ከቆጠርሻት አምስት።

አሰገደች፦ እቆጥራታለሁ።

ወንድይፍራው፦ ግን እኮ እነሱ ሞተዋል። እልፍነሽ አልሞተችም። ሐኪሙ እየታጠበች ትቆያለች ብሏል። ካልታጠበች ግን ሳምንት አትዘልቅም።

አሰገደች፦ ይሄ ገንዘብ ለስንት ጊዜ ያሳጥባታል?

ወንድይፍራው፦ ለሁለት ወር።

አሰገደች፦ ከሁለት ወር በኋላስ?

ወንድይፍራው፦ ከዚያ በኋላ ሌላ እፈልጋለሁ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋም ቢሆን ይጨብጣል፤ አረፋው ያልቃል ብሎ እጁን አይሰበስብም።

አሰገደች፦ ጥሩ ተናገርክ።

ወንድይፍራው፦ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ውርጭ እየተነሣሁ የሁላችሁንም ሙት ጠርቻለሁ። አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ለዚህስ ምንም አይታሰብልኝም?

አሰገደች፦ ለአገልጋይ ይቅደም ካልን ሙላትም ዳኛ ነው፣ እኔም ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለሦስታችን እንካፈለውና ሣጥኑን እንዝጋው።

ወንድይፍራው፦ ግማሽ ግማሽ ይሁን እሺ። ለእልፍነሽ አንድ ወር፣ የቀረው ለእነሱ።

አሰገደች፦ ግማሹ አሥራ አምስት ቤት ያሳድሳል። የትኞቹን አሥራ አምስት? ምረጥልኝ።

ወንድይፍራው፦ ዕጣ ይውጣ።

አሰገደች፦ እልፍነሽም ዕጣው ውስጥ ትግባ?

ወንድይፍራው፦ እሷማ አትግባ።

አሰገደች፦ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ።

ወንድይፍራው፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ሚስቴን በዕጣ ላስገባ?

አሰገደች፦ አምና ስለ ሌላ ሰው ስትናገር ግን እንዲህ አላልክም። ያልከው እስከ ዛሬ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ አለ።

ወንድይፍራው፦ ስመጣም ፈርቼ የመጣሁት ይሄንኑ ነው።

አሰገደች፦ መዝገቡን ላምጣልህ ወይስ በቃልህ ትለዋለህ?

ወንድይፍራው፦ እባክሽ እትዬ አሰገደች።

አሰገደች፦ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ባሌ ቦጋለ ጉበቱ ታሞ፣ ከሣጥኑ ይሰጠው አይሰጠው ተብሎ ሲመከር፣ ጋሽ ወንድይፍራው ተነሣና "የሚድን ሰው እያለ ለማይድን ሰው ገንዘብ ማፍሰስ፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው" አለ። ያ ድምፅህ ደግሞ ጡሩምባም አያስፈልገው። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ወዲያው እጅ ወጣና ደንብ ሆነ፤ የማይድን በሽታ በሣጥኑ አይታከምም ተባለ።

ወንድይፍራው፦ ስለ ቦጋለ አልነበረም ያልኩት። ስለ ገንዘቡ ነበር።

አሰገደች፦ ቦጋለ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ገብተን ኮቱን ሳወልቅለት ነው፣ "አሰጉ፣ እንስራው እኔ ነኝ አይደል?" ያለኝ።

ወንድይፍራው፦ ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።

አሰገደች፦ ምን ብዬ ልንገርህ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤ እሱን ይዤ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት በማለዳ ስሙን ስትጠራ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁህ። ደጉ ሰው ቦጋለ አልክ።

ወንድይፍራው፦ ደግ ነበራ።

አሰገደች፦ ደግ ነበር።

ወንድይፍራው፦ አጥፍቻለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያኔ የራስ ሰው ሲታመም ነገሩ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሆነብኝ። ይኸው፣ ጉልበትሽን ልሳም።

አሰገደች፦ ተነሥ፣ ጭቃ ነው። አጥፍተሃል መቼ አልኩህ? ልክ ነበርክ እኮ። እኔን የሚያንገበግበኝ ልክ መሆንህ ነው።

ወንድይፍራው፦ ምን ማለትሽ ነው?

አሰገደች፦ ቦጋለ ያልታከመበት ገንዘብ የት ገባ? መድን ሆነ። በዚያ መድን ድንች ሻጯ አስካለ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገባችና በኦፕራሲዮን ተገላገለች። እሷም ተረፈች፣ ልጇም ተረፈ። ቦጋለ ቢታከም ኖሮ ምናልባት ለፋሲካ ይደርስ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ከዚያ በላይ አላለኝም። ሁለት ነፍስ ለአንድ ፋሲካ። ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ መዝኜዋለሁ መሰለህ። ሚዛኑ አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ አላጋደለልኝም።

ወንድይፍራው፦ አስካለን ስታገኛትስ?

አሰገደች፦ ድንች ስገዛ ሁለት ሦስት ፍሬ ትመርቅልኛለች። ለምን ቀና ብዬ እንደማላያት ግን አታውቅም። በል አሁን በወገብ በኩል እንጠፈው፤ ወደ እኔ ና።

ወንድይፍራው፦ ሁለት ወር ግን ትንሽ ነው እትዬ አሰገደች?

አሰገደች፦ በሁለት ወር ውስጥ ምን አለህ? ልጅ ትድራለህ?

ወንድይፍራው፦ ምንም የለኝም። ጠዋት ትነሣና ትሰድበኛለች። ሻዩ ላይ ስኳር አበዛህ ትለኛለች። የጀመረችልኝ ሹራብ አለ፤ ትሠራዋለች፣ ጠበበ ብላ ትፈታዋለች። ይኸው ነው። ይሄ ለሚዛን ይብቃ አይብቃ እኔ አላውቅም። ለቦጋለ ሁለት ወር ቢጨመርለት አንቺ ምን ታደርጊበት ነበር?

አሰገደች፦ ጫፉን አትልቀቀው።

ወንድይፍራው፦ አልለቀቅኩም። ንገሪኝ።

አሰገደች፦ በመጨረሻው ሳምንት ሾርባ አልጋው ላይ ደፋብኝና ጮኽኩበት። ደክሞኝ ነበር። ሁለት ወርም አያስፈልገኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኝ ነበር። ሾርባውን ደግሜ አጠጥቼው ዝም ብዬ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ይሄን እያወቅሽ ነው እንግዲህ እኔን የምትከለክዪኝ።

አሰገደች፦ እያወቅኩ ነው። ሠላሳ አንዱም ቤት ውስጥ ሾርባ የሚደፋ ሰው አለ።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ሣጥኑ ይቅር። የቀብሯን ገንዘብ ስጡኝ።

አሰገደች፦ የምኗን?

ወንድይፍራው፦ የቀብሯን። ሃያ ሁለት ዓመት የከፈልንበትን። ድንኳን አልፈልግም፣ ንፍሮ አልፈልግም፣ ወንበርም አይደርደር። የዚያን ቀን ማንም ደጄ አይምጣ፤ እኔ ራሴ ተሸክሜ አደርሳታለሁ። ስትሞት የምታወጡላትን አሁን በነፍሷ ስጧት።

አሰገደች፦ ደንቡ የሚከፍለው ለሞተ ነው።

ወንድይፍራው፦ አውቃለሁ። ለመሞቷ ትከፍላላችሁ፣ እንዳትሞት አትከፍሉም።

አሰገደች፦ አዎ፣ እንደዚያ ነው። ደስ ብሎኝ አይደለም። ለአንተ ብንሰጥ ነገ ጠዋት ስንቱ ቀብሩን ሊሸጥ እዚህ ደጅ ይሰለፋል? የሞተ የምንቀብርበት ሲጠፋ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። እሷንስ ጠይቀሃታል? ቀብርሽን ልሽጠው ብለሃታል?

ወንድይፍራው፦ አልጠየቅኳትም።

አሰገደች፦ ለምን?

ወንድይፍራው፦ ከጠየቅኳት ነገሩ እንዳለቀ ታውቃለቻ። እሷ እሞታለሁ አላለችም እኮ። መኖር ነው የምትፈልገው። ዛሬ ስወጣ እጄን ይዛ፣ "አሰገደች አትጨክንብኝም፣ አውቃታለሁ" አለችኝ።

አሰገደች፦ እንዲህ አለች?

ወንድይፍራው፦ እንዲህ አለች።

አሰገደች፦ ቦጋለ የሞተ ጊዜ ሰልስቱ እስኪወጣ ከጎኔ የተኛችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ አይዞሽ ሲለኝ፣ እሷ ግን ዝም ብላ እግሬን ትይዘኝ ነበር።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ያቺን እንስራ ነው ያልረሳሽልኝ። በቀል ነው።

አሰገደች፦ በቀል ቢሆንማ በወደድኩ። በቀል ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ብፈርም ቦጋለ ለምን ሞተ? ባልፈርም እልፍነሽ ለምን ትሞታለች? ሁለቱንም ጥያቄ ለእኔ ትታችሁ፣ ሙላት አልቅሶ ቤቱ ገብቷል፣ ጸሐፊውም ሥራው ላይ ነው። በል ወረቀቱን አምጣው።

ወንድይፍራው፦ ምን ልታደርጊው?

አሰገደች፦ አምጣው አልኩህ። እስክሪብቶም ስጠኝ። ጀርባህን አዙርልኝ፣ የማስደግፍበት ነገር የለም።

ወንድይፍራው፦ እየፈረምሽልኝ ነው?

አሰገደች፦ አትንቀሳቀስ። ፈረምኩ። እንካ።

ወንድይፍራው፦ ዕድሜሽን ያርዝመው እትዬ አሰገደች። የቦጋለን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ።

አሰገደች፦ ምርቃቱን አቆየው። ይሄኛውንም ወረቀት ያዝ።

ወንድይፍራው፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

አሰገደች፦ የሠላሳ አንዱ ቤት ስም ዝርዝር ነው። ነገ ማለዳ፣ ከእጥበቱ በፊት፣ ጡሩምባህን ይዘህ ትወጣለህ። በየደጃቸው ቆመህ በየስማቸው ትጠራቸውና፣ "መድናችሁ ዘንድሮ አይታደስም፣ ገንዘቡ ለሚስቴ ሆኗል" ትላቸዋለህ።

ወንድይፍራው፦ ይሄንን መንገር የዳኛው ሥራ ነው።

አሰገደች፦ ሙላት እንባ እንጂ አንደበት የለውም። የእድሩ አፍ አንተ ነህ። ዝም ካልናቸው ታመው ሐኪም ቤት ደጅ ሲደርሱ ነው የሚሰሙት። ቢያንስ ሌላ የሚፈልጉበት ሁለት ቀን ስጣቸው። እስቲ አንብበው፣ ጽሕፈቴ ይነበብልሃል?

ወንድይፍራው፦ ይነበባል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ። አስም ያለባት ናት ይቺ፤ ስትተነፍስ ከመንገድ ይሰማል። አቶ ዳምጠው፣ ስኳር አለበት። ዘበኛው አቶ ጌጡ፣ ቤቱ ውስጥ ሰባት ነፍስ ነው። እማማ ትርንጎ ከነልጅ ልጆቻቸው።

አሰገደች፦ ቀጥል።

ወንድይፍራው፦ አስካለ። ድንች ሻጯ? እሷም አለችበት?

አሰገደች፦ አለችበት። ደግማ አርግዛለች። በመጀመሪያው ስለተቀደደች፣ ሆስፒታል ካልሆነ ቤት እንዳትወልጂ ብለዋታል።

ወንድይፍራው፦ ስንተኛ ወሯ ነው?

አሰገደች፦ ሰባት።

ወንድይፍራው፦ በሁለት ወር ትወልዳለቻ።

አሰገደች፦ በሁለት ወር ትወልዳለች።

ወንድይፍራው፦ አልችልም። ይሄንን በጡሩምባ አልልም። ጡሩምባ የሚነፋው ለሞተ ሰው ነው እትዬ አሰገደች።

አሰገደች፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩህ?

ወንድይፍራው፦ ቤት ስገባ ገና ከደጅ ነው፣ "ፈረመችልህ?" የምትለኝ።

አሰገደች፦ ፈርማለች በላት። ውሸት አይደለም።

ወንድይፍራው፦ ውሸትስ አይደለም። ደስ ይላታል። ዛሬን በደስታ ታድራለች። በይ ዝርዝሩን እንኪ። ያኛውንም እንኪ፣ ሣጥኑ ውስጥ መልሺው።

አሰገደች፦ ወንድይፍራው፣ ፊርማዬ እኮ አለበት። አሁንም ብትወስደው አልከለክልህም።

ወንድይፍራው፦ አውቃለሁ። ይሄ ሸራ እንዲህ ታጥፎ ከተቀመጠ መቼ ይደርቃል?

አሰገደች፦ ታጥፎማ የት ይደርቃል? ወርም አይበቃው። ምነው?

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው አናጥፈው። ያንን ጫፍ ፍቺው፣ እዚሁ እናስጣው፤ እኔ እየተመላለስኩ እጠብቀዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ መድረቅ አለበት።